ከሃምሳ ዓመት በኋላ የገና ጨዋታ፦ ዱላን፣ አቋቋምንና አመታትን ከዕድሜ ጋር ማስማማት

ኅዳር በገባ ቁጥር ከደብረ ብርሃንም፣ ከመንዝም፣ ከአንኮበርም የሚደርሰኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ «ዕድሜዬ ገፍቷል፤ ዘንድሮ ሜዳ ብገባ እችል ይሆን?» ይችላሉ። በሃያ ዓመትዎ ይመቱ በነበረው አመታት ግን አይሆንም። ይህ መመሪያ ሃምሳን ላለፉ፣ ድሮ ተጫውተው ለሚያውቁና በቀኛቸው ለሚመቱ ነው። ግራኝ ከሆኑ ግራና ቀኙን ገልብጠው ያንብቡት።

በመጀመሪያ ምን እንደተለወጠ ይወቁ፤ የሚከተሉት እርምጃዎች ሁሉ የዚህ መልስ ናቸው። ጡንቻ ከሠላሳ ዓመት በኋላ በየአሥር ዓመቱ ከ3 እስከ 8 በመቶ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ከስድሳ በኋላ ደግሞ ይፋጠናል። ዳሌና የላይኛው ጀርባ እንደ ድሮው አይዞሩም። ጅማት ለመሟሟቅ ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። ዓይን አይቶ እጅ እስኪታዘዝ ያለው ጊዜ ይረዝማል፣ ሚዛን መጠበቅም ይከብዳል። ስለዚህ በጉልበት ያጡትን በአጭር አመታትና በትክክለኛ ቦታ ማካካስ ነው የሚያዋጣው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ቀለል ያለ የገና ዱላ (አመራረጡ እርምጃ 2 ላይ አለ)
- ለልምምድ ከጨርቅ ወይም ከቆዳ የተጠቀለለ ሩር (የገና ጨዋታ ኳስ)፤ የእንጨቱን ሩር ለጨዋታው ቀን ያቆዩት
- ተረከዝ የሚይዝና ሶሉ ጥርስ ያለው ጫማ። ሸበጥ፣ ኮንጎና የተላጨ ሶል አይሆኑም
- የቅልጥም መከላከያ። የእግር ኳሱ ከሌለ ወፍራም ካልሲ ውስጥ የታጠፈ ካርቶን ይበቃል
- አሮጌ የብስክሌት የውስጥ ጎማ፣ መቀስና ሲባጎ
- ዱላ ለመፋቅ የጠርሙስ ስባሪ ወይም ስለታም ቢላ
- በርጩማ (ለልምምድ)
- ውኃ፣ ከሜዳ ሲወጡ የሚደርቡት ጋቢ ወይም ባና
- የስኳር ሕመም ካለብዎ ኪስዎ ውስጥ ከረሜላ

እርምጃ 1፦ ጤናዎን ይታዩ

ልምምድ ሳይጀምሩ ጤና ጣቢያ ሄደው የደም ግፊትና የስኳር መጠንዎን ይለኩ። ደረትዎን የሚያምዎት ወይም ዳገት ሲወጡ ከወትሮው በላይ የሚያለከልክዎ ከሆነ ለሐኪሙ ይንገሩ። ገና ሩጫና ቁም፣ ሩጫና ቁም የሚበዛበት ጨዋታ ነው፤ ልብን የሚፈትነውም ይኸው ድንገተኛነቱ ነው። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር ከፍታ በላይ ስለሆነች በአንድ ትንፋሽ የሚያገኙት ኦክስጅን በባሕር ጠለል ከሚገኘው 70 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ለበዓል ከሸዋ ሮቢት ወይም ከሌላ ቆላ የሚመጡ ከሆነ ከጨዋታው ሁለት ሦስት ቀን ቀድመው ይድረሱ። በመጡበት ቀን ሜዳ አይግቡ።

እርምጃ 2፦ ዱላውን ይቀይሩ ወይም ያቅልሉ

ትልቁ ለውጥ የሚገኘው እዚህ ነው። ብዙ ሰው ግን የጎረምሳነት ዱላውን ከቆጥ አውርዶ ክንዱን ከዱላው ጋር ሊያስማማ ሲታገል ይታያል። ዱላው ነው ከእርስዎ ጋር መስማማት ያለበት።

ርዝመት። ጫማዎን አድርገው ቀጥ ብለው ይቁሙ፤ ዱላውን ቆልማማውን (የታጠፈውን ጫፍ) ወደ መሬት አድርገው ከጎንዎ ያቁሙት። የእጀታው ጫፍ ከዳሌዎ አጥንት ጋር መስተካከል አለበት። ወገብዎ የሚያስቸግርዎ ከሆነ ከዚያ አራት ጣት ያህል ቢረዝም ይሻላል። አጭር ዱላ ወገብን ያስጎነብሳል፤ የጎበጠ ወገብ ደግሞ እንደልብ አይዞርም። መዞር ያቃተው ወገብ ሥራውን ለትከሻና ለክርን ያስተላልፋል፤ በማግስቱ የሚታመሙትም እነሱ ናቸው።

ክብደት። እጀታውን በአንድ እጅ ይዘው ዱላውን ከፊትዎ አግድም ዘርግተው በቀስታ እስከ አሥር ይቁጠሩ። አንጓዎ ከተንቀጠቀጠ ወይም ጫፉ ከወረደ ከብዶዎታል ማለት ነው። ሲያቀሉት ከቆልማማው ወገን ይፋቁ እንጂ ከእጀታው አይፋቁ። ክብደት ከእጅ በራቀ መጠን ዱላውን ለመወዝወዝ ያስቸግራል፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ጫናው አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ከጫፉ ላይ የተፋቀች ትንሽ ነገር ከእጀታው ከሚፋቀው ብዙ ትበልጣለች። የእንጨቱን መስመር ተከትለው በጠርሙስ ስባሪ በስሱ ይፋቁ። መታጠፊያው ላይ መስመሩን አቋርጠው ከቆረጡ ግን በመጀመሪያው ጠንካራ ምት ይሰበራል።

እንጨት። ወይራ ጠንካራና ዕድሜው ረጅም ነው፣ ግን ከባድ ነው፤ ቀጭኑን ይምረጡ። ክትክታም እንደዚሁ ጠንካራና ከባድ ነው። ጽድ ቀላል ቢሆንም ተሰባሪ ነው። ባሕር ዛፍ በየአጥሩ ስለሚገኝ ይቀናል፤ ሲደርቅ ግን ይሰነጠቃል። በተፈጥሮው የቆለመመ ቅርንጫፍ ካገኙ በእሳት ተለብልቦ ከተቆለመመው ይመረጣል፣ ምክንያቱም መስመሩ ከመታጠፊያው ጋር አብሮ ይዞራል። የቆየ ዱላ ካለዎት በድንጋይ ቀስ አድርገው ያንኳኩት። ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ደህና ነው፤ የታፈነ ድምፅ ካወጣ ውስጡ ስንጥቅ ሊኖር ስለሚችል ለጨዋታ አያውጡት።

እጀታ። የብስክሌቱን ጎማ ሁለት ጣት ስፋት ባለው ጥብጣብ ቆርጠው ከጫፍ ጀምረው ወደ ታች ይጠቅልሉ፤ መጨረሻውን በሲባጎ ይሰሩት። እጀታው ሲወፍር ጣቶች አጥብቀው መጭመቅ አያስፈልጋቸውም፤ የጣት መገጣጠሚያ ለሚያመው ሰው ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ጎማው ደግሞ ዱላ ከሩር ሲጋጭ ወደ ክርን የሚወጣውን ንዝረት ይቀንሳል። ያረጁ የጎልፍ ተጫዋቾችም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ ቀለልና ለመጥ የሚል ዘንግ ይመርጣሉ፣ እጀታውን ያወፍራሉ።

እርምጃ 3፦ ከኅዳር 15 ጀምረው እግርና ዳሌን ያዘጋጁ

ጾመ ነቢያት ከሚገባበት ከኅዳር 15 እስከ ታኅሣሥ 29 ስድስት ሳምንት ያህል አለ። ጡንቻ ለማግዘፍ አጭር ነው፤ ያለውን ጡንቻ ለማንቃትና ሚዛን ለመመለስ ግን ይበቃል። በሳምንት ሦስት ቀን፣ አንድ ቀን እያሳረፉ፦

ሀ. ከበርጩማ ላይ እጅዎን ሳይደገፉ ተነሥተው ቀስ ብለው ይቀመጡ፤ አሥር ጊዜ፣ በሁለት ዙር። ጉልበትን የሚያድነው የታፋ ጡንቻ ነው።

ለ. ግድግዳ አጠገብ ሆነው በአንድ እግር ይቁሙ፤ እስከ ሃያ ይቁጠሩና እግር ይቀይሩ። ሲመቱ ክብደትዎ ለቅጽበት አንድ እግር ላይ ስለሚያርፍ ሜዳ ላይ የሚወድቁ ወይም የሚጸኑ በዚህች ቅጽበት ነው።

ሐ. ዱላውን በትከሻዎ ላይ አጋድመው በሁለት እጅ ይያዙ፤ በርጩማ ላይ እንደተቀመጡ ወደ ግራና ወደ ቀኝ በዝግታ ይዙሩ። መቀመጥዎ ዳሌን ስለሚይዘው የሚዞረው የላይኛው ጀርባ ብቻ ይሆናል። የጠፋውም እሱ ነው።

እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ ከሆነ ልምምዱን ከምግብ በፊት ሳይሆን ምግቡ ረጋ ካለ በኋላ ያድርጉት። ጡንቻ ያለ ፕሮቲን አይጠገንም፤ በጾም ወቅት ባቄላ፣ አተር፣ ምስርና ሽምብራ ከገበታዎ አይጥፉ። የስኳር መድኃኒት እየወሰዱ የሚጾሙ ከሆነ ስለ መጠኑና ስለ ሰዓቱ ሐኪምዎን ይጠይቁ፣ በራስዎ አይወስኑ።

እርምጃ 4፦ ሜዳውን በእግርዎ ዞረው ይዩ

ከጨዋታው በፊት ሙሉውን ይዙሩት። በእነዋሪና በደነባ አካባቢ ጥቁሩ መሬት በበጋ ተሰነጣጥቆ እግር የሚውጥ ክፍተት ያበጃል። የመንዝ ሜዳ ደግሞ ድንጋይ ይበዛዋል። የታጨደ የገብስ ማሳ ከሆነ የቀረው አገዳ ሩሩን ያነጥረዋል። ስንጥቅና ድንጋይ የበዛበትን ጎን ያስታውሱና በዚያ በኩል ላለመሮጥ ይወስኑ። ወጣት ቁርጭምጭሚቱ ቢጠመዘዝ በሁለት ሳምንት ይረሳዋል፤ እርስዎ ግን ከወደቁ የዳሌ አጥንት ስብራት ሊገጥምዎ ይችላል።

እርምጃ 5፦ ሰውነትዎን ያሟሙቁ

ለወጣቱ አምስት ደቂቃ ከበቃው እርስዎ ሃያ ይስጡት። በታኅሣሥ ጠዋት ውርጭ ሣሩ ላይ እያለ አይጀምሩ፤ ፀሐይ በደንብ እስክትወጣ ይቆዩ፣ ከሰዓት በኋላ ቢሆን ደግሞ ይመረጣል። የቀዘቀዘ ጅማት ሳይላወስ በድንገት ሲለጠጥ ይበጠሳል፤ ባትና ተረከዝን የሚያያይዘው በተለይ።

በመጀመሪያ ላብ ጠብ ጠብ እስኪል ፈጠን ብለው ይራመዱ። ቀጥሎ ትከሻና አንጓዎን ያሽከርክሩ፤ በመጨረሻ ሩር ሳይኖር ዱላውን በግማሽ ኃይል አሥር ጊዜ ያህል ይወዝውዙ። ጋቢውን ሲሞቅዎ እንጂ ከዚያ በፊት አያውልቁ።

እርምጃ 6፦ አቋቋምና አያያዝ

ግራ ትከሻዎን ሩሩን ወደሚልኩበት አቅጣጫ ያዙሩ። እግሮችዎን በትከሻዎ ልክ ይክፈቱ። የግራ እግርዎን ጣቶች ወደ ዒላማው ትንሽ አዙሩ። ድሮ ቀጥ አድርገው ተክለውት ይሆናል፤ አሁን ግን ዳሌዎ ሙሉ በሙሉ ስለማይዞር የቀረውን ጥምዘዛ ጉልበት ይቀበላል። እግሩ አስቀድሞ ከዞረ ጉልበቱ ያርፋል።

ጉልበትዎን ትንሽ ሸብረክ አድርገው ከዳሌዎ ይታጠፉ፣ ጀርባዎ ቀጥ እንዳለ ይቆይ። ግራ እጅ ከላይ፣ ቀኝ እጅ ከታች ይሁን፤ በሁለቱ መካከል ሁለት ጣት ያህል ክፍተት ይተው። ይህ ክፍተት ዱላውን ለመቆጣጠር አነስተኛ ጉልበት እንዲበቃዎ ያደርጋል። አያያዝዎ ልል ይሁን፤ ጡጫን ሲያጠብቁ ክንድም ትከሻም አብሮ ይደርቃል።

እርምጃ 7፦ አጭሩ አመታት

ይህንን በጨርቁ ሩር ደጋግመው ይለማመዱት፤ በጨዋታው ቀን ለማሰብ ጊዜ የለም።

ሀ. ሩሩ ከግራ ተረከዝዎ ፊት ለፊት፣ ክንድዎ ሳይንጠራራ በሚደርስበት ርቀት ይሁን። ከራቀ ወገብ ይከተለዋል።

ለ. ዱላውን ወደ ኋላ ሲወስዱ ቆልማማው ከዳሌዎ በላይ አይውጣ። ሙሉ ማንሣት የሚጠይቀውን መጠምዘዝ ጀርባዎ ስለማይሰጥ ክንድ ብቻውን ይነሣል፤ ያኔ ምቱ አቅጣጫውን ይስታል። ደግሞም ዝቅ ያለ ዱላ የሰው ፊት አይመታም። መዞር ካቃተዎ የግራ ተረከዝዎ ትንሽ ብድግ ይበል፤ ዳሌ ወዲያው ይከፈታል። ጣቶቹ ግን መሬት አይልቀቁ።

ሐ. ላይ ሲደርሱ ለቅጽበት ቆም ይበሉ። ችኮላ ምትን ከእግር ነጥቆ ለክንድ ይሰጣል።

መ. ወደ ፊት ሲመለሱ መጀመሪያ የግራውን ተረከዝ ያሳርፉ፤ ዳሌ ይከተል፤ ክንድና ዱላ በመጨረሻ ይምጡ። ኃይሉ የሚመነጨው ከዚህ ተራ ነው። ዱላው ገብስ እንደሚያጭድ ማጭድ መሬቱን ተከትሎ ይሂድ፤ ከላይ ወደ ታች አይውረድ። ከላይ የወረደ ዱላ ደረቅ መሬት ሲመታ ድንጋጤው በቀጥታ አንጓ ላይ ያርፋል።

ሠ. በምቱ ጊዜ ትንፋሽዎን ያውጡ። ትንፋሽ አምቆ መምታት የደም ግፊትን ለቅጽበት ከፍ ያደርጋል።

ረ. ከመቱ በኋላ ዱላውን በድንገት አያቁሙት፤ ራሱ ዝግ ብሎ በዳሌ ቁመት ይብቃ። በድንገት ማቆም የትከሻን ጅማት ይጎትታል።

መለኪያው ርቀት አይደለም። አሥር እርምጃ ርቆ ሁለት ድንጋይ በአንድ እርምጃ ልዩነት ያስቀምጡ፤ ከአሥር ምት ሰባቱ በመካከል ሲያልፉ ወደ አሥራ አምስት እርምጃ ይሻገሩ።

እርምጃ 8፦ የሚሮጠውን ሩር አቁመው ይምቱ

እየሮጠ የመጣን ሩር በአየር ላይ ወይም በሩጫው መምታት የወጣት ሥራ ነው። እርስዎ በሁለት ይክፈሉት፦ ቆልማማውን መሬት ላይ አስተኝተው ያስቁሙት፣ ከዚያ ይምቱ። ሰው ከቀረበዎ አይምቱ፤ ሩሩን ሳያነሡ ወደ ክፍት ቦታ ይግፉት። ግፊያ ወደ ኋላ ማንሣት ስለማይጠይቅ ጊዜ አይፈጅም፣ ጀርባም አይነካም። በአቅራቢያዎ የቆመ ወጣት ካለ ከሃያ እርምጃ ምት ይልቅ የአምስት እርምጃ ግፊያ ቡድንዎን ይጠቅማል።

እርምጃ 9፦ ቦታዎን ይምረጡ

ሚናዎን ለይተው ወደ ራስዎ ግብ ቀረብ ብለው ከኋላ ይቁሙ። ሩሩ ሲመጣ ከሩቅ ስለሚያዩት ለማሰብና ለመድረስ ጊዜ ያገኛሉ፤ ሜዳው መሀል ግን ዱላና ቅልጥም የሚጋጨው እዚያው ነው። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ነውና ግርግሩ ውስጥ ከገቡ ሽበትዎን አይቶ ዱላውን የሚመልስ የለም። ልጆቹ «ጋሼ፣ ወደፊት!» እያሉ ቢጠሩዎትም ቦታዎን አይልቀቁ።

ከኋላ ሲቆሙ በግብዎና በሩሩ መካከል ይሁኑ፣ ግን በቀጥታ መስመሩ ላይ ሳይሆን አንድ እርምጃ ወደ ጎን። የእንጨት ሩር ፊት ለፊት ከመጣ ማምለጫ ያጣሉ፤ ከጎን ግን ዱላዎን ዘርግተው ያስቆሙታል።

እርምጃ 10፦ ሳይደክሙ ይውጡ

ከተቀያሪ ጋር አስቀድመው ይነጋገሩ። አሥር ደቂቃ ያህል ተጫውተው ይውጡ፣ ትንፋሽዎ ሲመለስ ይግቡ። ልኩን ለማወቅ አጠገብዎ ላለ ሰው አንድ ሙሉ ዐረፍተ ነገር ይናገሩ፤ መሀል ላይ ትንፋሽ ካጠረዎ የመውጫ ጊዜዎ ነው። የልብ ምት መቁጠርም ይቻላል፤ አንዳንድ የግፊት መድኃኒቶች ግን ልብ በድካምም ጊዜ በዝግታ እንዲመታ ስለሚያደርጉ ቁጥሩ ያታልላል። እንደወጡ ጋቢዎን ወይም ባናዎን ይደርቡ፤ ላብ ያዘለ ጀርባ በደጋ ነፋስ ወዲያው ይጨመደዳል።

ማስጠንቀቂያ

- የደረት ጭነት፣ ወደ ግራ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ ሕመም፣ ቀዝቃዛ ላብ ወይም ማዞር ከተሰማዎ ወዲያው ይቀመጡና ወደ ሆስፒታል ይወሰዱ። «ትንሽ ልረፍና ይለቀኛል» አይበሉ።
- ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ከጨዋታው ይቅሩ። ጭንቅላት ላይ የምታርፍ ቀላል የምትመስል ምት ውስጥ ለውስጥ ልታደማ ትችላለች።
- አረቄም ሆነ ጠላ ከቀመሱ በዚያ ቀን ሜዳ አይግቡ። በዓል ነው፣ ይቀርባል፤ ከጨዋታው በኋላ ይድረስ። መጠጥ ሚዛንን ያጠፋል፣ ቅዝቃዜንም ያስረሳል።
- ዶሮ ወጥ በልተው ጠግበው ቢያንስ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ አይጫወቱ።
- ጉልበት ወይም ክርን አብጦ ከሆነ በፋሻ አስረው መግባት መፍትሔ አይደለም።

ደጋግመው የሚታዩ ስሕተቶች

ርቀቱ ሲያጥር አጥብቆ መምታት። ኃይል ሲጨምሩ ጡንቻው ይደርቃል፣ ሩሩም ይበልጥ ያጥራል። ርቀት ካጠረዎ እርምጃ 7 «መ»ን ይመልከቱ፤ ክንድዎ ከዳሌዎ ቀድሞ ይሆናል።

ከወገብ መጉበጥ። ምልክቱ በማግስቱ ከቀበቶ በላይ የሚሰማ ሕመም ነው። ዱላውን ያስረዝሙ፤ ጉልበትዎን ሸብረክ ያድርጉ።

ሩሩ ከመመታቱ በፊት ቀና ብሎ ግቡን ማየት።  ሩሩን ቀለም ቀብተው ወይም ነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ከተለማመዱ ዓይን ይለመዳል። መነጽር አድርገው የሚጫወቱ ከሆነ ግን የመስተዋት ሳይሆን የፕላስቲክ ይሁን።

ስድስቱን ሳምንት ዘልሎ በታኅሣሥ 29 ብቻ መምጣት። በዚህ ስሕተት ተጎድተው የሚመጡትን አይቼ ነው ይህን ሁሉ መጻፌ።

ከጨዋታው በኋላ

ሲጨርሱ ወዲያው አይቀመጡ፤ አሥር ደቂቃ በዝግታ ይራመዱ። ደም እግር ውስጥ ከተከማቸ ማዞር ያመጣል። ከዚያ ባትዎን ግድግዳ ተደግፈው ይለጥጡ፤ ዳሌዎንም ወንበር ላይ ተቀምጠው አንዱን ቁርጭምጭሚት በሌላው ጉልበት ላይ አስቀምጠው ያፍታቱ። ጡንቻ እስከ ሁለት ቀን ቢያም የተለመደ ነው፤ መገጣጠሚያ ካበጠ ወይም ሕመሙ በሦስተኛው ቀን ከባሰ ግን ይታዩ።

ዱላውን ከጭቃና ከአቧራ ጠርገው ቅቤ ወይም ሞራ በስሱ ይቀቡት። ጎማው ላይ ግን አያስነኩት፤ ቅባት ጎማን ያበላሸዋል። ከፀሐይና ከእሳት ራቅ አድርገው አጋድመው ያስቀምጡ፤ ግድግዳ ላይ ተደግፎ የከረመ ዱላ ይጣመማል።